የሰንጠረዦች ዝምድና መዝገብ

ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ መልክ ይቀመጥ ዘንድ፣ ሰንጠረዦቹም በያዙት ዋጋ ይተሳሰሩ ዘንድ ካመለከተ ወዲህ፣ ከዚህ ጥበብ ፍሬዎች መካከል እኔ አብልጬ የማደንቀው ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩትን የፎሪን ኪዎችን (አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው የሚያስተሳስሩትን ቁልፎች) ዝርዝር ማውጣትን ነው።

አንድ ባለሙያ፣ ሌሎች ሠርተው የተዉትንና ምንም ማብራሪያ ያልተጻፈለትን ዳታቤዝ በተረከበ ጊዜ፣ ፖስትግሬስ ከሆነ «ፒጂ ኮንስትሬይንት» ከተባለው ሰንጠረዥ ዓይነታቸው «ኤፍ» የሆኑትን ረድፎች ብቻ ቢመርጥ፣ የትኛው ሰንጠረዥ ከየትኛው እንደሚወለድ፣ ወላጁ ሲሰረዝም ልጁ አብሮ ይጠፋ ወይም ስረዛው ይከለከል እንደሆነ፣ እንደ ትውልድ ሐረግ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ይህም የሆነው፣ ኮድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1985 በደነገጋቸው ሕግጋት፣ የዳታቤዙ መዝገበ መዛግብት እንደ ማናቸውም መረጃ በሰንጠረዥ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ ይጠየቅ ብሎ ስላዘዘ ነው፤ ሥርዓቱ ስለ ራሱ ባሕርይ በራሱ አንደበት ይመሰክራልና፣ ከዚህ የበለጠ ያማረ ድንጋጌ አላውቅም።

ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ እንኳ ዝርዝሩን በአንዲት የፕራግማ ትእዛዝ ያቀርባል፤ ነገር ግን (ይህ ጠባዩ ዘወትር ያስገርመኛል) ማስከበሪያው በግልጽ ካልተከፈተለት በቀር፣ የዘረዘረውን ሕግ ሲጣስ እያየ ዝም ይላል። ዝርዝሩ የማያወጣው ዝምድናም አለ፤ የደንበኛ መለያ የሚል ዓምድ ተበጅቶለት፣ ፎሪን ኪ ግን ሳይታወጅለት የቀረው፣ በፕሮግራሙ ጸሐፊ ልቡና ብቻ የሚኖረው ነው።