ለኢሜይል መዝገብ ቤት ስለ መሥራት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወለተ እስራኤል የተከለችው የሞጣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር የመሬት ሽያጭና ውርስ ይመዘግብ ነበር። ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ነገር ዋስና እማኝ ተጠቅሶ በመዝገብ የሚሰፍረው፣ ቃሉን የሰማው ሰው ቢሞትም ጉዳዩ እንዳይሞት ነው። የዛሬው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ልማድ ይዟል። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚላክ ደብዳቤ ወጪ ሆኖ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ሲደርስ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀሪው በፋይሉ ይታሰራል። ማድረስ አንድ ሥራ ነው፣ መዝግቦ ማቆየት ሌላ ሥራ። ደብዳቤው ኢሜይል ሲሆን ግን ሁለቱም በአንድ ሠራተኛ ሣጥን ውስጥ ይወድቃሉ፤ እሱ ሲዛወር የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ አብሮት ይሄዳል። የኢሜይል ሰርቨሩን ከሰነድ ማከማቻ ጋር ማገናኘት ስለሚያስፈልግ አልከራከርም። የምከራከረው ስለ መገጣጠሚያው ቦታ ነው፦ ማከማቻው ከፖስታ ሣጥኑ ሥር ሳይሆን ከጎኑ መቆም አለበት።

ከሥሩ የማስገባቱ መንገድ ተሞክሯል። አፓቺ ጄምስ በጃቫ የተጻፈ ክፍት ምንጭ የኢሜይል ሰርቨር ነው። ሣጥኖቹን ከሚያስቀምጥባቸው አማራጮች አንዱ በአንድ ወቅት አፓቺ ጃክራቢት ነበር፤ ይህም በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጄሲአር የተባለ የጃቫ የይዘት ማከማቻ ደንብ በሥራ ላይ ያዋለ ሶፍትዌር ነው። ሐሳቡ ይማርካል። ማከማቻው ይዘትን እንደ ዛፍ በቅርንጫፍ ያደራጃል፣ የቀድሞ እትሞችን ይይዛል፣ ፍለጋም ያውቃል፤ ኢሜይልም ራስጌ፣ አካልና አባሪ ያለው ዛፍ ነው። ሆኖም ጄምስ ይህን አማራጭ በኋላ ተወው። እኔ ምክንያቱን የማነበው ከኢሜይሉና ከማከማቻው ጠባይ ነው። አይማፕ የሚባለው የኢሜይል ማንበቢያ ደንብ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያለ መልእክት ሁሉ ሁልጊዜ የሚጨምር፣ ለሌላ መልእክት የማይሰጥ ቁጥር እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለዚህ የሚገባ መልእክት ሁሉ አንድ ቆጣሪ ላይ ይጋፋል። ተነበበ፣ ተመለሰ፣ ተሰረዘ የሚሉት ምልክቶችም ቀኑን ሙሉ ይለዋወጣሉ። ጃክራቢት ደግሞ በአንድ ወላጅ ሥር ብዙ ሺህ ልጆች ሲደረደሩ ይዘገያል፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ቦታ በአንድ ጊዜ ሲቀይሩም የኋለኛውን ሊመልሰው ይችላል። አንዴ ተጽፎ ለዓመታት ለሚፈለግ ነገር የተሠራን ቤት የገበያ ቀን ግርግር እንዲችል መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ከጎን ማቆም ከባድ አይደለም። ጄምስ የተቀበለውን መልእክት ማይሌት በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች በተራ ያሳልፈዋል። አንዱን ማይሌት መዝገብ ያዥ ማድረግ ይቻላል፦ የመልእክቱን ቅጂ ወደ ማከማቻው አስገብቶ ዋናውን ወደ ሣጥኑ ይለቃል። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። መልእክቱ እንደ መጣ፣ አንድ ባይት ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ የላኪው ሰርቨር ዲጂታል ፊርማ በፈረመበት ክፍል ትንሽ ለውጥ ካገኘ ላይረጋገጥ ይችላል። የተፈታውና ለፍለጋ የተዘጋጀው ቅጂ ከጎኑ ይቀመጣል። ይህ ለአማርኛ ቅንጦት አይደለም። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ርእሱ ለጉዞ ሲጠቀለል ብዙ ጊዜ ወደ ላቲን ሆሄያት ይቀየራል፤ በጥሬው ላይ «ግብር» ብሎ የሚፈልግ ምንም አያገኝም። ከተፈታም በኋላ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን አንድ የሚያደርገው የፍለጋው ማውጫ ይሁን፤ ሰነዱ ግን ጸሐፊው እንደ ጻፈው ይቆይ። አቃፊዎቹም ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመትና በወር ቢከፈሉ ለሠራተኛው ይቀናል፣ ጃክራቢትም አይጨናነቅም።

ቦታ ይበላል ይባላል። እውነት ነው፤ ጥሬው ውስጥ ያለ አባሪ በመጠቅለሉ ብቻ መጠኑ በሲሶ ያህል ያድጋል። ይሁንና ጃክራቢት ፋይሎችን ከይዘታቸው በሚሰላ አሻራ ስለሚለይ፣ ከዞን ለወረዳዎች ሁሉ የተበተነ ሰርኩላር በተፈታው ቅጂ በኩል የሚቀመጠው አንዴ ብቻ ነው። የቀረውን ወጪ እቀበላለሁ። ከዚህ የሚከብደው ማይሌቱ ሲሰናከል ደብዳቤው ሳይመዘገብ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ስለዚህ ያልተመዘገበ መልእክት በወረፋ ቆሞ እንደገና ይሞከር እንጂ አይለፍ፤ ማታ ማታም ሰርቨሩ የተቀበለውና ማከማቻው የያዘው ብዛት ይነጻጸር። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የሠራተኛው የግል ጉዳይ ነው፤ ሰው ለልጁ የጻፈው መዝገብ ቤት ሊገባ አይገባም። ስለዚህ አድራሻው የሥራ ክፍል ይሁን። ለግብርና ጽሕፈት ቤት የተጻፈው ይመዘገባል፤ በሠራተኛው ስም ወደተከፈተው ሣጥን የመጣው ግን እሱ ራሱ ወደ መዝገብ ቤቱ አድራሻ ካላስተላለፈው በቀር አይነካም።