የአንድ ጣት ነገር

ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ መንደር፣ መንገድ ዳር ያገኘሁት ብስክሌት ሠሪ ልጅ ብስክሌቴን ገና ሳይነካ ጫማዬን አየ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚነዱት?» አለኝ። ሶሉ ወፍራም ነው። በሸበጥ መጥቼ ቢሆን ኮርቻውን ዝቅ ያደርገው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ለዓመታት ኮርቻዬን ዝቅ አድርጌ ነበር የምነዳው፤ ስቆም ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲረግጡልኝ ብዬ። ዕዳውን ጉልበቴ ከፈለ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ከጉልበቴ ሎሚ ሥር ይወጋኝ ነበር። ፈረሰኛ ቢሆን እርካቡን ያስረዝማል። የብስክሌት መርገጫ ግን ባለበት ነው፤ መውጣት ያለበት ኮርቻው ነው።

ልጁ ብሎኑን አላላና የኮርቻውን አፍንጫ ይዞ ግራና ቀኝ እያዞረ ሳበው። ዘንጉን በጨርቅ ጠረገ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ግራሶ በስሱ ቀባ፤ አለዚያ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ግድግዳ አስደግፎ አስቀመጠኝና ተረከዜን መርገጫው ላይ አስደረገ። መርገጫው ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ አለ፣ ዳሌዬ አላዘነበለም። በተረከዝ ቀጥ ያለ እግር በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረግጥ ጉልበቱ ላይ ትንሽ እጥፋት ይተርፈዋል፤ የሚፈለገው እሱ ነው።

ለዚህ ስሌትም አለ። በፈረንሳዊው አሠልጣኝ በሲሪል ጊማርና በብስክሌተኛው በግሬግ ለሞንድ የታወቀው፣ የእግርን የውስጥ ርዝመት በ0.883 አባዛ ይላል፤ ውጤቱ ከመርገጫው ክንድ መዞሪያ መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። የእኔ እግር 80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 70.6 ይመጣል። ማታ ቤቴ ሜትር ዘርግቼ ለካሁ፤ ልጁ በዓይኑ ያቆመው 71 ላይ ነው። አራቷን ሚሊ ሜትር ለጫማዬ ሶል ሰጠኋት።

እኔን የማረከኝ ግን ከተረከዙ ልኬት በኋላ የቀጠለው ነው። «እስቲ ይንዱት» አለና ከኋላዬ ቁጢጥ ብሎ ቀበቶዬን ማየት ያዘ። ኮርቻ ከልክ በላይ ከወጣ ዳሌ መርገጫውን ፍለጋ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ለነጂው አይታወቀውም። ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። በሁለተኛው «ቀኙ ይጠልቃል» ብሎ የስንዴ ፍሬ ታህል ዝቅ አደረገው። የወለቃ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም ጀበና በእጃቸው ሲያበጁ ዞር አድርገው፣ አጎንብሰው፣ ሆዱን የሚያዩት እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ የመንደሩ ሸክላ ሠሪ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ያ ዓይን ከመንደሩ አልጠፋም።

ብሎኑን አጠበቀና ከማጥበቂያው በላይ ዘንጉ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቀለለ፤ ኮርቻው ቢንሸራተት እንዲያስታውቅ። ዳገቱን ሞክሬ፣ ጉልበቴ ዝም ብሎልኝ፣ ደስ እያለኝ ተመለስኩና ፊቱ ስቆም እግሬ መሬቱን አጣው። ልዘረር ስል «ኧረ ጋሼ! ሲቆሙ ከኮርቻው ወደፊት ይውረዱ እንጂ!» እያለ መሪዬን ያዘልኝ።