ስለ ኪዛኤሞን ጣባ፤ ባለቤቱ የታወቀ፣ ሠሪው ያልታወቀ የሻይ ዕቃ

የጃፓን መንግሥት «ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ በሕግ ከመዘገባቸው ዕቃዎች መካከል ስምንቱ የሻይ ጣባዎች ናቸው። ከስምንቱም በጃፓን ምድር የተሠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አምስቱ ከቻይና፣ አንዱ ደግሞ ከኮሪያ የመጡ ናቸው። ይህ ቍጥር ብቻውን ስለ ሻይ ሥርዓት ሸክላዎች አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም የሻይ ሊቃውንት ስማቸውን ያስጠሩት ከመሥራት ይልቅ በመምረጥ መሆኑን ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ከኮሪያ የመጣውን የዚያን የአንዱን ጣባ ነገርና ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) የተባለው የጃፓን ሐያሲ ስለ እርሱ የጻፈውን ዝነኛ ሐተታ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቻኖዩ የሚባለው የሻይ ሥርዓት፣ ጥቂት እንግዶች በጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ ጋባዡ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ በሙቅ ውሃ በጣባው ውስጥ በቀርከሃ መምቻ መትቶ የሚያቀርብበት ነው። ቀድሞ መኳንንቱ ያከብሩት የነበረው ልስልሱንና እንከን የሌለበትን የቻይና ሸክላ ነበር። ከሙራታ ጁኮ ጀምሮ እስከ ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591) የተነሡት የሻይ መምህራን ግን ሻካራውን፣ ጐርበጥባጣውንና ደብዛዛውን መረጡ። ሪኪዩ ቾጂሮ የተባለውን ሠራተኛ ያለ መንኰራኵር በእጁ ብቻ ጥቁርና ቀይ ጣባ እንዲሠራለት አደረገ፤ ይህም ራኩ የሚባለው ነው። የሻይ ሰዎች ግን ደረጃ ሲያወጡ «አንደኛ ኢዶ፣ ሁለተኛ ራኩ፣ ሦስተኛ ካራትሱ» ይላሉ። ኢዶ የሚሉት የኮሪያውን ነው።

ኪዛኤሞን የተባለው የኢዶ ጣባ በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን፣ የመንኰራኵሩ ዙር በጎኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ላዩን የሸፈነው መስተዋት መሰል ልባስ በደቃቅ ስንጥቆች ተሞልቷል። ከእግሩ አጠገብ ደግሞ ልባሱ በእሳቱ ውስጥ ተኰማትሮ እንደ ዶቃ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። ይህ የመጨረሻው ነገር በሌላ ዕቃ ላይ ቢሆን ኖሮ የአተኳኰስ ጕድለት ይባል ነበር፤ የሻይ ሊቃውንት ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት እርሱኑ ነው። ስለዚህ ጣባ የሚመረምር እንግዳ ሻዩን ከጠጣ በኋላ ክንዱን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃውን ከምንጣፉ ብዙ ሳያርቅ በሁለት እጁ ይዞ ይገለብጠዋል፤ እግሩንም ያያል። በእግሩ ላይ የሠሪው ቢላዋ እንዴት እንዳለፈ ይታወቃልና። ሸክላን በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ሥርዓት ቢማር ይጠቅመዋል እንላለን፤ ክብደቱና የከንፈሩ ውፍረት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አይታዩምና።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ኪዛኤሞን የጣባው ሠሪ ስም አይደለም፤ ታኬዳ ኪዛኤሞን የተባለ የኦሳካ ነጋዴ ስም ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ይህ ነጋዴ ከስሮ ሲደኸይ እንኳ ጣባውን አልሸጥም ብሎ ይዞት ሞተ። በ1770ዎቹ የማትሱዌ ገዢ የነበረው ማትሱዳይራ ፉማይ በ550 ሪዮ ወርቅ ገዛው። ዕቃው ለያዘው ሰው የቍስል በሽታ ያመጣል የሚል ወሬ ስለ ነበረ፣ ፉማይ ከሞተ በኋላ ቤተ ሰቡ በኪዮቶ ለሚገኘው ለዳይቶኩጂ ገዳም፣ ኮሆአን ለተባለው ቤት ሰጠው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ነው። እንግዲህ የገዛው፣ የወረሰውና የታመመበት ሁሉ በስም ተጽፏል።

ያናጊ ይህን ጣባ ያየው በ1931 ነው። ሣጥን በሣጥን ውስጥ ተደራርቦ፣ በሐር ተጠቅልሎ የወጣለት ዕቃ እጅግ ተራ መሆኑ አስደነቀው፤ ከዚህም ተነሥቶ ሐተታውን ጻፈ። የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው፤ ጣባው ድኻ ሰው ሩዝ የሚበላበት ርካሽ ዕቃ ነበረ፤ የሠራውም ያልተማረና ውበትን ያላሰበ ሰው ነው፤ ያማረውም ስላላሰበው ነው። ይህ ሐተታ የሸክላን ዋጋ ከወርቅና ከሣጥን ወደ ዕለት ኑሮ የመለሰ በመሆኑ ታላቅ ሥራ ነው። ያናጊም ለኮሪያ ሰዎች ወዳጅ እንደ ነበረ አይካድም፤ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1922፣ የሴኡል ቤተ መንግሥት በር እንዳይፈርስ በአደባባይ ተሟግቷል፤ በ1924ም በዚያው ከተማ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም አቋቁሟል።

ይሁን እንጂ «ሳያስብ ሠራው» የሚለውን ልንቀበለው አንችልም። ያንን እግር በጥቂት የቢላዋ ምት የቀረጸ እጅ በብዙ ሺሕ ጣባ የሠለጠነ እጅ ነው፤ ሥልጠናም ካለ ማሰብ አይገኝም። ደግሞም ጣባው የሩዝ መብያ መሆኑ ራሱ አከራካሪ ነው፤ ለመሥዋዕት ሥርዓት የተሠራ ዕቃ ነው የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ከሆነ ሠሪው የሚሠራውን ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ስሙ የጠፋውን ሰው ስም ባለመኖሩ ማመስገን ለሰብሳቢው የሚመች ምስጋና ነው፤ ዕዳ የለበትምና።

እኛ ይህን የምንለው ሸክላ ሠሪ በስድብ ስም ሲጠራ ከኖረበት አገር ስለ ሆንን ይሆናል። የጀበናውን ቡና አመስግኖ ጀበናውን የሠራችውን ሴት ከቤቱ የማያስገባ ሰው በአገራችን ብዙ ነበረ። የእርስዋ ስም አለመታወቅ የትሕትና ምልክት ሳይሆን ማንም ስላልጠየቃት የመጣ ነው።

በኮሪያም ስም አልነበረም ማለት አይደለም። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን በወጋበት ጊዜ የጃፓን መሳፍንት ሸክላ ሠሪዎችን እየማረኩ ወደ ግዛታቸው ወሰዱ፤ የሃጊና የሳትሱማ ምድጃዎች የተተከሉት በእነርሱ እጅ ነው። በአሪታ ዪ ሳም ፕዮንግ የተባለው ኮሪያዊ የነጭ ሸክላ ሥራ አባት ተብሎ ይከበራል። በሳትሱማ የሺም ቤተ ሰብ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የኮሪያ ስሙን እንደ ያዘ ሸክላ ይሠራል። ስለዚህ ስም የሚጠፋው የሚመዘግበው ሰው ሲጠፋ ነው። በጃፓንም በ17ኛው መቶ ዓመት ኖኖሙራ ኒንሴይ በሻይ ዕቃዎቹ ላይ ማኅተሙን ሲያትም ጣባዎቹ ውበታቸውን አላጡም።

በመሰብሰብ ረገድ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ (1838–1925) የተሻለ መንገድ ያሳየ ይመስለናል። ሞርስ በሙያው የእንስሳት ተመራማሪ ስለ ነበረ፣ የጃፓንን ሸክላ የሰበሰበው ተመራማሪ ቀንድ አውጣን በሚሰበስብበት ዘዴ ነው፤ በየአውራጃው፣ በየምድጃውና በየሠሪው ማኅተም ለየው። 5,000 ያህል ዕቃዎቹን የቦስተን ሙዚየም በ1892 ወሰዳቸው። ዘዴው ደረቅ ነው፤ ሻይ የሚጠጣባቸው ሰው ስብስቡን ቢያይ ነፍስ የለውም ይል ይሆናል። ግን ሠሪው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከባለቤቱ ማን ነው አስቀድሞ ይጠይቃል።

ስለ ኢዶ ጣባም ይህ ጥያቄ ፈጽሞ አልተዘጋም። በደቡብ ኮሪያ የጥንት ምድጃዎች ተቈፍረው በእግራቸውና በልባሳቸው ከኢዶ ጋር የሚመሳሰሉ ገሎች ተገኝተዋል፤ የዘመናችን ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችም ያንን ጭቃና ያንን እሳት እንደገና ለማግኘት እየተኰሱ ይሞክራሉ።