የማይቸኩል ማንጋ

ማንጋ ሲባል ፍልሚያ ብቻ የሚመጣለት አንባቢ የሂቶሺ አሺናኖን «ዮኮሃማ ካይዳሺ ኪኮ» ቢያነብ እመኛለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2006 ወጥቶ በ14 ቅጽ የተጠናቀቀው ይህ ሥራ፣ ባሕር ከተሞችን እየዋጠ የሰው ቁጥር በተመናመነበት ዘመን ትንሽ ካፌ እያስተዳደረች ስለምትኖር አልፋ ስለምትባል ሮቦት ይተርካል። «ምንም አይፈጠርበትም» የሚሉት፣ ጦርነትና ጠላት ፈልገው ከሆነ ልክ ናቸው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ጊዜ ራሱ ነው፦ አልፋ አታረጅም፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ልጅ የነበረው ታካሂሮ አድጎ ከአካባቢው ይሄዳል። አሺናኖ ይህን በንግግር አያብራራም። አልፋ ስኩተሯን ስትነዳ ገጾቹ ያለ አንዲት ቃል ያልፋሉ፤ የተሰነጣጠቀ አስፋልት፣ ሣር፣ ሰፊ ሰማይ። ዝግታው አንባቢውን ከሰዎቹ ጋር ስለሚያላምደው ነው መለያየቱ የሚከብደው፤ ቸኩሎ ቢተረክ የታካሂሮ መሄድ ተራ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።