ኳስ ማቀበልን ሙያ ያደረገው ስቲቭ ናሽ

ቅርጫት ኳስ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ዘሎ ቅርጫቱን የሚያንቀጠቅጠውን ግዙፍ ሰው ነው። ስቲቭ ናሽ እንዲህ አልነበረም። በመዝገብ የሰፈረው ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንቢኤ ሰፈር፣ ይህ አጭር ነው። በዝላይ የሚበልጡት ሞልተው ነበር። ሆኖም በ18 የውድድር ዘመናት 10,335 ያለቀላቸው ኳሶችን ለጓደኞቹ አቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጫማውን ሲሰቅል በዚህ የሚቀድሙት ጆን ስቶክተንና ጄሰን ኪድ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል።

ሙያውን ለማየት አንድ እንቅስቃሴ ይበቃል። በፊኒክስ ሰንስ ማሊያ ናሽ ኳሷን እያነጠረ ይመጣል። ረጅሙ ጓደኛው አማሬ ስቱደማየር የናሽ ተከላካይ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ናሽ የጓደኛውን ትከሻ ታክኮ ሲያልፍ ሁለት ተከላካዮች እሱን ያያሉ፤ ስቱደማየር በዚያች ቅጽበት ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ይቸኩላል። ናሽ ግን ኳሷን ማንጠሩን አያቋርጥም፤ አንዴ ከያዛት እንደገና ማንጠር አይፈቀድለትምና። የማቀበያው መንገድ ከተዘጋ በቅርጫቱ ስር አልፎ በሌላው ወገን ይወጣል። ተከላካዮቹ እሱን ለማየት አንገታቸውን ሲያዞሩ አንድ ሰው ይረሳሉ፤ ኳሷ የምትደርሰው ለዚያ ለተረሳው ሰው ነው። አሠልጣኞች ይህን አወጣጥ ዛሬም በናሽ ስም ይጠሩታል።

ኳስ የሚያቀብልበት መንገድም ልዩ ነበር። ኳሷን በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ አስተካክሎ አይልክም፤ እያነጠረ ሳለ በአንድ እጁ ይለቃታል። ተከላካዩ አስቀድሞ የሚያነበው ምልክት አያገኝም።

ይህን ዓይን ከየት አመጣው? ናሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በጆሃንስበርግ ተወለደ። አባቱ እግር ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን በአፓርታይድ ሥር ማሳደግ ስላልፈለጉ ወደ ካናዳ ሄዱ፤ እሱም በእግር ኳስ አደገ። ቅርጫት ኳስን የያዘው ዘግይቶ፣ አሥራዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ክፍተት መፈለግን፣ አንድ ሁለት መቀባበልን፣ ሰውየው የሚደርስበትን እንጂ የቆመበትን አለማየትን ከሣር ሜዳ ይዞ መጣ።

የቀረውን በልፋት ሞላው። ቅጣት ሊወረውር ሲቆም ኳሷ ሳትሰጠው በባዶ እጁ የመወርወሩን እንቅስቃሴ ይደጋግም ነበር፤ በሙያ ዘመኑ ከ100 ቅጣት 90 ያህሉን አስቆጥሯል። ጀርባው ያስቸግረው ስለነበር ሲቀየር ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ሜዳው ዳር ወለል ላይ ይጋደማል፤ ተራው ሲደርስ ተነስቶ ይገባል።

የሊጉን ዋንጫ በተጫዋችነት አላነሳም፤ ለፍጻሜም አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቀድሞ ወደተጫወተበት ፊኒክስ ሲመለስ ግን በቀደመው ዓመት 29 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን በአንድ ዓመት 62 አሸነፈ። ያ ፈጣን አጨዋወት ሌሎች ቡድኖች የተከተሉት መንገድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስሙ በቅርጫት ኳስ ታላላቆች መዝገብ ሰፈረ።

በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪም ሆነ በአምቦ እግር ኳስ የማይጫወት ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ናሽ የተማረበት ሜዳ እኛም ጋ አለ። የትምህርት ቤት ስፖርት መምህራን፣ አደራ! በእግር ኳሱ ሜዳ ቀና ብሎ ጓደኛውን የሚፈልገውን ልጅ ለዩትና ወደ ቅርጫቱም አምጡት። ነጥብ ሲቆጠርም ያስገባውን ብቻ ሳይሆን ያቀበለውንም በስሙ ጥሩት።