ለጓሮ ትንሿ ትሻላለች

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ዓይን የሚገባው ትልቁ ቲማቲም ነው። ጠንካራ፣ ሥጋው የሞላ፣ በሳጥን ተደራርቦ አይሱዙ ላይ ቢንገላታም የማይፈርጥ። ሻጩም ሸማቹም የለመዱት እሱን ነው፤ በሱዳን በኩል ስትሬን ቢ እና ፔቶ 86፣ በእኛ በኩል ሮማ ቪኤፍ እና ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካሾላና መሰሎቹ። በእነዚህ ዝርያዎች ላይ ክፉ አልናገርም፤ ለመንገድና ለድስት ተብለው የተመረጡ ናቸው፣ ሥራቸውንም ይሠራሉ። ከጓዳ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ ለሚበቅል ተክል ግን የመንገድ ጥንካሬ ምን ያደርግለታል? ለጓሮ ቲማቲም ሲመረጥ ነጋዴው የሚንቀውን መፈለግ ነው። ቆዳዋ ስስ የሆነች፣ ለጭነት የማትመች፣ ለለቀማ ብዙ ጣት የምትፈልግ ትንሽ ቲማቲም።

ችግኝ አፈላለሁ፤ ይህን የምለውም ኡም ራኩባ ላይ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ቦታው ከድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሱዳን ገባ ይላል። በ77ቱ ድርቅ ከኢትዮጵያ የተሰደደውን ሰው ያስጠለለ ሰፈር ሲሆን፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጦርነት ሸሽቶ ተከዜን የተሻገረው ሕዝብ ሲበዛ ዳግመኛ ተከፈተ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ሲገባ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ዙሪያው ማሽላና ሰሊጥ ነው። ለአትክልት የሚተርፈው ከቱኩል ግድግዳ ጎን ያለች ጥቂት ክንድ መሬትና ልብስ የታጠበበት ውኃ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዝርያ መምረጥ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን መሬትና ውኃ ሲያንስ ምርጫ ይከብዳል እላለሁ፤ አምስት ተክል ብቻ ያለው ሰው አንዱም ፍሬ ቢስ እንዲሆንበት አይፈልግም።

መጀመሪያ የማየው አበባዋን ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 40 ዲግሪ ያልፋል። ቲማቲም ቀን ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ21 ዲግሪ ሲያልፍ የአበባ ዱቄቷ እየደከመ ይሄዳል፤ ያልተዳቀለው አበባም ይረግፋል። የአበባውን ዘንግ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መሐሉ ላይ አበጥ ያለች አንጓ ያገኛል። ሊረግፍ ያለው መጀመሪያ እዚያች አንጓ ላይ ቢጫ ይሆናል። በማግስቱ በጣት ሲነኩት እዚያው ላይ ይቆረጣል፣ አበባው መልኩ ሳይለወጥ መሬት ላይ ይገኛል። ሰው ይህን ሲያይ ውኃ ያነሰው መስሎት ያጠጣል፣ ያጠጣል። ተክሉ በቅጠል ይወፍራል እንጂ አያፈራም።

ትንንሾቹ እዚህ ላይ ብልጫ አላቸው። የትልቁ አንድ ዘለላ አራት ወይም ስድስት አበባ ሲይዝ ቼሪ የምትባለው የትንሿ ዘለላ ከደርዘን ያልፋል። ግማሹ እንኳ ቢረግፍ ለፍትፍት የሚሆን ይተርፋል። ፍሬዋ ትንሽ ስለሆነችም ቶሎ ትደርሳለች። ሌላም አለ፤ ውኃ አንድ ቀን ሞልቶ ሦስት ቀን ሲጠፋ ሞላላው ቲማቲም ቂጡ ይጠቁርና ይበሰብሳል። ሰው በሽታ ይለዋል፤ ነገሩ ግን ካልሲየም ከውኃው ጋር ወደ ፍሬው ጫፍ በወጉ አለመድረሱ ነው። ቼሪ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይታይም። የእሷ ጣጣ መሰንጠቅ ነው፤ ደርቃ ቆይታ ድንገት ስትጠጣ ቆዳዋ ይተረተራል። የተሰነጠቀች ቲማቲም ገበያ አትወጣም፣ ጓሮ ላይ ግን ያን ዕለት ትበላለች።

የዛሬው ቲማቲም ሁሉ ዘር ማንዘሩ የሚቆጠረው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ፔሩና ኢኳዶር ውስጥ ዛሬም አተር የምታክል ፍሬ ያላት የዱር ቲማቲም ትበቅላለች። ትልቅነትን የጨመረው የሰው ምርጫ ነው። በቆላው አገራችን በፍሳሽ ቦይ ዳርና በአመድ መድፊያ ላይ ማንም ሳይተክላት የምትወጣውን ወፍ ዘራሽ ቲማቲም የሚያውቅ ሰው፣ ትንሽ መሆን ለዚህች ተክል ነውር እንዳልሆነ ለመረዳት አይቸገርም። እኔ ወፍ ዘራሿን አልነቅልም። ያለ ውኃ፣ ያለ ፍግ፣ ፍየል አልፎባት ካፈራች ቢያንስ ልትቀመስ ይገባታል።

ቅምሻው ላይ ግን ሰው ይቸኩላል። ጣዕም ማለት ለብዙዎች ጣፋጭነት ነው። እርግጥ ነው፣ የገበያው ትልቅ ቲማቲም ጭማቂ ውስጥ የሚሟሟው ነገር፣ አብዛኛው ስኳር፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ሲሆን ጥሩ ቼሪ ከ7 እስከ 9 ትደርሳለች። ሆኖም ስኳር ብቻውን ቲማቲም አያሰኝም። ኮምጣጣነቱና ያ ምላስ ላይ የሚቆየው የወጥ ጣዕም በብዛት ያለው ዘሮቹን በከበበው ዝልግልግ ውስጥ ነው። ዝልግልጉን አውጥቶ ሥጋውን ብቻ የሚከትፍ ሰው ግማሹን ጣዕም ደፋው ማለት ነው።

ከውጭ አገር ዘመዶች በፖስታ ዘር የሚደርሳቸው አሉ። በብዛት የምትመጣው ሰንጎልድ ናት፤ ብርቱካንማ፣ የጃፓኑ ቶኪታ ኩባንያ ያወጣት። ልጆች እንደ ከረሜላ ይጨርሷታል። አንዲት ከሁመራ የመጡ እናት ግን ቀምሰው መለሱልኝ። «ይሄማ ፍራፍሬ ነው ልጄ፤ ከቃሪያ ጋር ምን ያገናኘዋል?» እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ለጾም ፍትፍት፣ ለስልስ፣ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ለሚታሽ ነገር ኮምጠጥ የምትል ያስፈልጋል። ሱዳኖቹም በኦቾሎኒ ቅቤ ለውሰው በሚሠሯት የቲማቲም ሰላጣ ላይ ጣፋጯ ትጠፋለች፤ ቅባቱን የሚቆርጠው ኮምጣጣው ነው። ሰንጎልድ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ዲቃላ ስለሆነች ከፍሬዋ የተወሰደ ዘር እናቱን አይመስልም። ዘሩን ማቆየት የሚፈልግ ሰው እንደ ብላክ ቼሪ ወይም መነሻዋ ሜክሲኮ የሆነችውን ማትስ ዋይልድ ቼሪን የመሰለች፣ ከዘሯ ራሷን የምትተካ ይፈልግ። የመጀመሪያዋ ጠቆር ያለች፣ ጣዕሟ ከበድ የሚል ናት፤ ሁለተኛዋ ጥቃቅን ናት፣ ለመልቀም ትዕግሥት ትጠይቃለች።

ሳልቀምስም የማየው ምልክት አለ። ገና ጥሬ ሳለች ትከሻዋን፣ ማለትም ከእንጨቷ ሥር ያለውን ክፍል ማየት ነው። እዚያ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ወደ ታች እየሳሳች የምትሄድ ከሆነ ደስ ይለኛል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ዝርያዎች ወጥ ሆነው እንዲበስሉ ስለተመረጡ ትከሻቸው ገርጣ ያለ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ለዚያ ወጥነት ሲባል የጠፋው ዘረ መል በጥሬው ፍሬ ውስጥ አረንጓዴውን የሚያበዛ መሆኑን፣ ፍሬውም በዚያው ስኳር እንደሚጎድልበት አሳይቷል። ለዓይን ተብሎ ምላስ የተከፈለበት ነገር ነው። በእርግጥ አረንጓዴ ትከሻ ያላት ሁሉ ትጥማለች ማለት አይደለም፤ ከብዙ ተክል መሐል የትኛውን በዓይነ ቁራኛ እንደምጠብቅ ይነግረኛል እንጂ።

ወቅቱም ይዳኛታል። ክረምቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ሲወጣ ከአመድና ከበሰበሰ ፍግ ጋር በተደባለቀ ከፍ ያለ መደብ ላይ አፈላለሁ። በጥቅምት መጨረሻ አዛውራለሁ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የያዘችው ፍሬ እውነተኛውን ጣዕም ትሰጣለች። በመጋቢት ያፈራችውን ይዞ ዝርያዋን መንቀፍ ግፍ ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቀይ ቀለሙ ስለማይሠራ ቀዩዋ ዝርያ ራሷ ብርቱካንማ ሆና ትቀራለች። እንዲህ ባለው ጊዜ ቀለም ማውጣት ስትጀምር ቀጥፎ ጥላ ውስጥ ማብሰል ይሻላል። ከተማ ላለ አንባቢ ደግሞ በዚሁ ልጨምር፤ የበሰለችውን ፍሪጅ አታስገቡ። ከ12 ዲግሪ በታች ስትቆይ መዓዛዋ ይጠፋል። ኡም ራኩባ ላይ ለዚህ ማንንም መምከር አላስፈለገኝም።

ነጭ ዝንብ ካልተጠበቀች ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ቅጠል አጠቅላዩን ቫይረስ የምታመላልሰው እሷ ናት፤ ቅጠሉ ወደ ላይ ተጨብጦ ቢጫ ከሆነ በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ይነቀላል። ስለዚህ ችግኙ እስኪዛወር ድረስ መደቡን ባረጀ አጎበር እሸፍናለሁ። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ አለች። የተበሳች ፍሬን መደብ ላይ መተው ለሚቀጥለው ትውልዷ ቤት መስጠት ነው።

ዘር ሲያዝ ሰው ከእህል ልማድ ተነሥቶ ትልቋን ፍሬ ይመርጣል። ይህ በየዓመቱ ጓሮውን ወደ ገበያ ቲማቲም ይጎትታል። መመረጥ ያለበት ግን ተክሉ ነው። በጥር ውኃ ለጥቂት ቀን ከቀነስኩ በኋላ ከእያንዳንዱ ተክል እቀምሳለሁ፤ ካጠጡ ማግስት የሚቀመስ ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። ጨው አልጨምርም፤ ጨው ሁሉንም ያሳምራል። የጣፈጠኝ ላይ የጨርቅ ቁራጭ አስራለሁ። በመጋቢት ተመልሼ ጨርቅ ካላቸው መሐል ሙቀቱ ውስጥ አሁንም ፍሬ የያዘ ካለ ሁለተኛ ጨርቅ ይታሰርለታል። ዘሩን ከእሱ ወስጄ ከነዝልግልጉ አንድ ሁለት ቀን አቦካና፣ አጥቤ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ። ሁለት ጨርቅ ያገኘ ተክል የማይገኝበት ዓመት አለ። ያን ጊዜ በጥር የጣፈጠውን እይዛለሁ፤ መጋቢት ላይ አበባው እንዳይረግፍ የሳር ዳስ እሠራለታለሁ፣ ጠዋት ጠዋትም አበባው ዱቄቱን እንዲያራግፍ ዘለላውን በጣት መታ መታ አደርጋለሁ።