ሃያ የናስ ምላሶች

እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በጀርመኗ ትሮሲንገን የሚሠራው የሆነር ማሪን ባንድ ሃርሞኒካ ክዳኖቹ ሲነሱለት አሠራሩ ይታያል። መሐሉ የፒር እንጨት ነው፤ 10 ጠባብ ክፍሎች አሉት። ከላይና ከታች አንድ አንድ የናስ ላሜራ ተለብጦበታል። በየላሜራው 10 ስንጥቆች፣ በየስንጥቁ ላይ አንድ የናስ ምላስ አለ። የምላሱ ሥር በሪቬት ተይዟል፤ ጫፉ ነጻ ነው። ሲነፋ የሚጮኹት የላይኞቹ ምላሶች ወደ እንጨቱ ዞረዋል፤ ትንፋሽ ሲሳብ የሚጮኹት የታችኞቹ ወደ ውጭ።

ምላሱ ከስንጥቁ የሚጠበው በጥቂቱ ብቻ ነው። ላሜራው ወደ ብርሃን ሲያዝ በምላሱ ግራና ቀኝ እኩል የብርሃን መስመር መታየት አለበት። መስመሩ በአንድ ወገን ከጠፋ ምላሱ ጠርዙን ይነካል፤ ድምፁ ይሻክራል። አንዳንዴ ጥፋቱ ብናኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሞረድ በፊት ለስላሳ ብሩሽ ይቀድማል፤ ከሥር ወደ ጫፍ።

ቀጥሎ ክፍተቱ ይታያል። ጫፉ ከላሜራው ቀና ብሎ ይቆማል፤ ልኩ በግምት የራሱ የምላሱ ውፍረት ነው። ሲሰፋ ትንፋሽ ይባክናል። ሲጠብ በኃይል የተነፋ ምላስ ይታፈናል።

ቅኝት የሚስተካከለው ናስ በመፋቅ ነው፤ ወሳኙ ከየት እንደሚፋቅ ነው። ጫፉ ሲፋቅ ምላሱ ይቀልላል፣ ፈጥኖ ይርገበገባል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ሥሩ አጠገብ ሲፋቅ ይለዝባል፣ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወፍራል። ምላሱ እንዳይጎብጥ መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት የሚለኩበት ስስ የብረት ቅጠል ከሥሩ ይገባል። ሞረዱ በምላሱ ርዝመት ይሄዳል። አግድም የተጫረ መስመር የስብራት መነሻ ይሆናል፤ ምላሱ ያለማቋረጥ ይታጠፋልና። በዶ በተቃኘ ሃርሞኒካ የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲነፋ ምላሱ በሰከንድ 262 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፣ የአሥረኛው 2,093 ጊዜ ገደማ። በአሥረኛው አጭር ምላስ ላይ ጥቂት ፍቀት ብዙ ይለውጣል።

የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። 2ኛና 3ኛ ቀዳዳ በነፊው ምላስ ተሸፍነው 1ኛና 4ኛ አብረው ይነፋሉ፤ ሁለቱም ዶ ናቸው፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ካልተስማሙ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይሞገዳል። ሲቀራረቡ ሞገዱ ይዘገያል፤ ሲገጥሙ ይቆማል። ሞረድ ናሱን ስለሚያሞቀው ሳይቀዘቅዝ አይፈረድም።

ከልክ ያለፈ ፍቀት ከሌላው ወገን በመፋቅ ይታረማል፤ ግን እያንዳንዱ እርማት ምላሱን ያሳሳዋል። የጥሩ ቃኚ እጅ የሚለካው በምላሱ ላይ ባስቀረው ናስ ነው።